ባለ 60 ሳንቲ ሜትሩ የጠረጴዛ የሽመና ዕቃ፦ ከዓመት በላይ ሠርቼበት ያየሁት

ለቤት ውስጥ ሽመና ተብሎ የሚሸጠውን ባለ 60 ሳንቲ ሜትር የጠረጴዛ የሽመና ዕቃ ከገዛሁ ዓመት አልፎኛል። እዚህ ሜሪላንድ በምንኖርበት አፓርታማ ሳሎን ውስጥ፣ ከሥራ መልስና ቅዳሜና እሁድ፣ የአንገት ልብስ፣ የመሶብ መሸፈኛ፣ የጠረጴዛ ጨርቅ፣ በኋላም ነጠላ ሠርቼበታለሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ሽመናን ከሥሩ ለመማር ከዚህ የተሻለ ዕቃ አላየሁም። የአገራችንን ልብስ ለመሥራት ለሚፈልግ ሰው ግን ዕቃው ብቻውን አይበቃውም፤ ከዕቃው ይልቅ የሚወስነው ክሩ ነውና። ስለዚህ ስለ እንጨቱ የምናገረውን ያህል ስለ ጥጡም እናገራለሁ።

ሽሮ ሜዳ ሄዶ ሸማኔ ሲሠራ ያየ ሰው የሚያውቀው ዕቃ ሌላ ነው። ሸማኔው ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጦ በእግሮቹ መርገጫዎቹን ያፈራርቃል፤ ድሩ ተራ በተራ ይከፈትለታል፤ እጆቹ መወርወሪያውን ለመቀባበል ነጻ ናቸው። የእኔ ዕቃ መርገጫ የለውም። አራት ማዕዘን የእንጨት ክፈፍ ነው፤ ከኋላ ድሩ የሚጠቀለልበት፣ ከፊት ደግሞ የተሸመነው ጨርቅ የሚጠቀለልበት ዘንግ አለው። መሃል ላይ እንደ ማበጠሪያ ያለ የፕላስቲክ ሰሌዳ ይቆማል። ሰሌዳው አንድ ቀዳዳ፣ አንድ ስንጥቅ፣ አንድ ቀዳዳ፣ አንድ ስንጥቅ እያለ ይሄዳል። ከድሩ ግማሹ በቀዳዳዎቹ፣ ግማሹ በስንጥቆቹ ያልፋል። ሰሌዳው ከፍ ሲል በቀዳዳዎቹ ያለፉት ክሮች አብረው ይነሣሉ፤ ዝቅ ሲል አብረው ይወርዳሉ፤ የስንጥቆቹ ክሮች ባሉበት ይቀራሉ። ማጉ በተከፈተው ቦታ ካለፈ በኋላ ያው ሰሌዳ ወደ ራስ ተስቦ ማጉን ይመታል። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው፤ ሁሉም በዓይን ፊት የሚካሄድ በመሆኑ የጨርቅ አሠራር በአንድ ምሽት ይገባል።

ድር መዘርጋት ብዙ ጀማሪ የሚፈራው ሥራ ነው። በዚህ ዕቃ ግን አንድ ሰው ያለ ረዳት ይወጣዋል። ዕቃው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ በማሰሪያው ይታሰራል፤ ከፊት ለፊቱ በሚፈለገው ርቀት አንድ አጭር እንጨት ይተከላል። ክሩ በስንጥቆቹ በኩል እየተሳበ እንጨቱ ላይ ይጠለቃል። ሁሉም ሲያልቅ ጫፉ ተቆርጦ በኋለኛው ዘንግ ላይ ይጠቀለላል። ከዚያ በየስንጥቁ ካሉት ሁለት ክሮች አንዱ ወደ ጎረቤቱ ቀዳዳ ይዛወራል። በሚጠቀለልበት ጊዜ በየዙሩ መካከል ወፍራም የማሸጊያ ወረቀት ማስገባት ግዴታ ነው፤ አለበለዚያ የላይኛው ክር በታችኛው መካከል ይሰምጥና የድሩ ውጥረት ይዛባል። ከዕቃው ጋር የመጣው ወረቀት ስስ ስለነበረ ቶሎ ተጨማደደ፤ የተሻለ መግዛት ያስፈልጋል።

ስለ መጠን ለሚጠይቁ፦ ከዕቃው ጋር የሚመጣው ሰሌዳ በ10 ሳንቲ ሜትር 30 ክር የሚይዝ ነው። ይህ ለወፍራም ሱፍ እንጂ ለእኛ ጥጥ አይሆንም። በ10 ሳንቲ ሜትር 50 ክር የሚይዘውን ለብቻው ገዛሁ፤ ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያውን ከመሳቢያ አላወጣሁትም። በሙሉ ስፋት 300 የድር ክር ይገባል። ድሩን 2 ሜትር ተኩል ካደረግነው 750 ሜትር ክር ማለት ነው፤ 8/2 በሚባለው የፋብሪካ ጥጥ ከ110 ግራም ብዙም አይበልጥም። ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው በድምሩ ግማሽ ሜትር ያህል ሊሸመን የማይችል ድር ይቀራል፤ ከፊሉ ለቋጭ ይውላል። የቀረው 2 ሜትር ከዕቃው ላይ ወርዶ ሲታጠብ ይኮማተራል፤ አሥረኛ የሚሆነውን ወይም ከዚያ በላይ ያጣል። ልኩን የሚያሰላ ሰው ይህን ከመጀመሪያው ማሰብ አለበት።

ይህ 8/2 የሚባለው ጥጥ በባለ 50 ሰሌዳ ሳሳ ብሎ ነው የሚሸመነው፤ የፈረንጅ ሸማኔዎች ጠበቅ እንዲል ይመክራሉ። ለእኔ ግን መሳሳቱ ጸጋ ሆነልኝ። ነጠላ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ሲለብሱት የማይከብድ ልብስ ነው። ማጉን በኃይል ከመምታት ይልቅ ወደ ቦታው ማስጠጋት ብቻ ይበቃል። ክንድ ሙሉ ስትመታ የምታገኘው ፎጣ ነው።

እናቴ በእንዝርት የፈተለችውን ልቃቂት ከአዲስ አበባ ስትልክልኝ ሥራው መልኩን ቀየረ። ከአመልማሎ የተፈተለ ክር አንድ ወጥ አይደለም፤ እዚህ ይወፍራል፣ እዚያ ይቀጥናል፣ ፀጉሩም ይታያል። ለድር ብዘረጋው አይችልም፤ ሰሌዳው በእያንዳንዱ ምት ክሩን ይፍቀዋልና ቀጫጭኑ ቦታ ላይ ይበጠሳል። የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ድሩን የፋብሪካ ክር፣ ማጉን የእጅ ፈትል ማድረጋቸው ከዚሁ ጥበብ የመጣ ነው። ይህንኑ ተከተልኩ። ታጥቦ ሲደርቅ ማጉ አበጠ፤ ጨርቁ ለሰለሰ፤ የአዲስ ነጠላ ሽታ እንኳን ሳይቀር አብሮ መጣ። ያንኑ ድር በፋብሪካ ማግ የሠራሁበት ቁራጭ ደግሞ አጠገቡ ሲቀመጥ የሆስፒታል አንሶላ ይመስላል። ዕቃው ያው፣ እጁ ያው፣ ልዩነቱ የማጉ ነው።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ። ትልቁ ውጥረት የሚጠበቅበት መንገድ ነው። ሁለቱም ዘንጎች ጥርስ ባለው ክብ ፕላስቲክና በአንድ መቆለፊያ ይያዛሉ። ጥርሶቹ የተራራቁ ናቸው፤ በአንዱ ጥርስ ድሩ ይላላል፣ በሚቀጥለው እንደ ክራር ጅማት ይወጠራል። ሱፍ ቢሆን ይለጠጣል፤ ጥጥ ግን አይለጠጥም፤ የጠበቀውን እንደጠበቀ ይይዛል። መፍትሔው የኋላውን ዘንግ በአንድ ጥርስ መልቀቅና ከፊት ቀስ ብሎ መሳብ፣ ከዚያም ላላ ያለውን ክር ከኋላ ትንሽ ዱላ አስገብቶ ማስተካከል ነው። ይሠራል፤ ግን ጨርቅ በጠቀለሉ ቁጥር መደገም አለበት። ከወራት በኋላ የፊተኛው መቆለፊያ ሲሰነጠቅ በብረት ቀየርኩት። በዚህ ዋጋ፣ ከ300 ዶላር ብዙም በማያንስ ገንዘብ፣ መቆለፊያው ከመጀመሪያው ብረት መሆን ነበረበት እላለሁ።

አብሮ የሚመጣው መወርወሪያ ጠፍጣፋ እንጨት ነው፤ ክሩ በቁመቱ ይጠመጠምበታል። በየረድፉ ማዞርና መፍታት ስላለበት ሥራውን ያዘገያል። ማጉ የሚጠቀለልበት ቀሰም የሚገባበት፣ ቁመቱ ዝቅ ያለ መወርወሪያ መግዛት ፍጥነቱን እጥፍ ያህል ያደርገዋል። ቁመቱ ከፍ ያለው አይሆንም፤ ሰሌዳው የሚከፍተው ቦታ ጠባብ ስለሆነ ከታች ያለውን ድር ይነካል።

ክረምቱም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ማሞቂያው ቤቱን ሲያደርቀው ጥጡ ይሻክራል፣ ይበናል፣ የጠርዝ ክሮች ይበጠሳሉ። ጥጥ እርጥበት ሲያገኝ ይበረታል፤ በሐምሌና በነሐሴ የሜሪላንድ ወበቅ አንድም ክር ሳይበጠስ ነጠላ ጨርሻለሁ። በጥርና በየካቲት ዕቃው አጠገብ የእርጥበት ማሽን አስቀምጣለሁ፤ ጠርዙ ላይም በእያንዳንዱ ጎን ክሩን ደርቤ እዘረጋለሁ።

ጥለት ላይ እንድረስ። ዕቃው ከአንድ ጠፍጣፋ ዱላ ጋር ይመጣል፤ ከሰሌዳው ኋላ በተመረጡ ክሮች ሥር ሲገባ ቀላል ንድፍ ያወጣል። ለመስቀል ወይም ለአልማዝ ቅርጽ ግን አይበቃም። ያን ለማግኘት ክሮቹን በጣት መቁጠር ነው። በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ሐር አንድ ጥለት ሞከርኩ፦ አሥር ክር ዘልዬ ሁለቱን አነሣለሁ፣ ቀለሙን አሳልፋለሁ፣ በሚቀጥለው ረድፍ አራቱን፣ ቀጥሎ ስድስቱን፤ በየቀለሙ ረድፍ መካከል ደግሞ ጨርቁን የሚይዘው ነጭ ማግ ያልፋል። ነጩ ከተዘነጋ ጥለቱ ይንሳፈፋል፣ ጥፍር ይይዘዋል። የአንድ እጅ ስፋት የሚያህል ጥለት ሙሉ ምሽት ወሰደ። ከዚያ በኋላ የዶርዜ ሸማኔ ለሠራው ቀሚስ ዋጋ ቀንሱልኝ የምልበት አፍ የለኝም።

ሽመናን በፈቃዴ የምሠራው ሥራ ማድረጌ አንዳንድ ትልልቅ ሰዎችን ያስገርማል። ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ሸማኔ ያለበሰው አገር ሸማኔውን ሲንቅ ኖሯል፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛውን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከመከልከል ደርሰዋል። ይህ ትንሽ ዕቃ ሳሎን ውስጥ ሲቆምና ልጆች መወርወሪያውን ሲሻሙ ማየት ከሁሉ በላይ ያስደስተኛል። ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ጥለት የሌለውን ተራ ሽመና ያለ ችግር ይሠራዋል፤ ይህም ለዕቃው ትልቅ ነጥብ ነው።

የትኛውን ስፋት እንግዛ ለምትሉ፣ ባለ 40 ሳንቲ ሜትሩ ለአንገት ልብስ ብቻ ነው፤ ባለ 80 ሳንቲ ሜትሩ ደግሞ ክንድን ያደክማል፣ ቋሚ መቆሚያም ይፈልጋል። ባለ 60ው ላይ ነጠላ የሚሠራ ሰው ሁለት ቁራጭ ሸምኖ በጎን መስፋት አለበት። ሁለቱን በተለያየ ድር ከሠራችኋቸው ርዝመታቸውና የጥለታቸው ቦታ አይገጥምም። 5 ሜትር ድር በአንድ ጊዜ ዘርጉ፤ የኋላው ዘንግ ቀጭን ጥጥ ከሆነ ያለ ችግር ይይዘዋል። ድሩ የሚጠለቅበትን አጭር እንጨት እኔ ከሳሎን እስከ መኝታ ቤቱ በር ነው የምወስደው። በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ምልክት ያለበት የጥጥ ጥብጣብ ከጨርቁ ጋር በመርፌ አያይዙና በየምልክቱ ማጉን ቁጠሩ፤ ሁለተኛው ቁራጭ በዚያው ቁጥር ከሄደ ሲሰፋ ጥለቱ ከጥለቱ ጋር ይገናኛል።