ጋላክሲ መስሚያው ኪት፦ ገዛሁት፣ ገጣጠምኩት፣ መብራት ሲጠፋ ሠራ

ሳጥኗ የሳሙና ታክላለች። የአጎቴ ልጅ ለክረምት ስትመጣ በሻንጣዋ ይዛልኝ መጣች። ውስጧ ሦስት ነገር አለ፦ ፍላሽ የምትመስል ዩኤስቢ ሬዲዮ፣ ከነማጣሪያው የተሠራች ትንሽ ምልክት ማጉያ፣ እና የእጅ ስንዝር የምታክል ኬብል። አለቀ። አንቴና የለም። ሳጥኑ ላይ ግን «ፍኖተ ሐሊብን ይስሙ» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል፤ እኛ ያለንበትን ጋላክሲ ማለት ነው። አንቴና የሌለው መስሚያ ጀበና ሳይኖር ስኒ እንደመሸጥ ነው። የሻጩን ስም አልጠራም፣ ግን ለዚህ አንድ ነጥብ ቀንሼበታለሁ።

ምን እንደሚሠራ በአጭሩ ልንገራችሁ። በከዋክብት መሃል ያለው ቦታ ባዶ አይደለም። ጋዝ አለበት፣ ትንሽ አቧራም አለበት፤ ከክብደቱ 99 በመቶው ጋዝ ነው፣ አብዛኛው ሃይድሮጅን። በአማካይ በአንድ ኩብ ሴንቲሜትር ውስጥ አንድ አተም ገደማ ብታገኙ ነው። አሁን የምትተነፍሱት አየር በዚያችው ቦታ 20 ቢሊዮን ቢሊዮን ገደማ ሞለኪውል አለው። እና ይህ ከምንም የማይቆጠር ጋዝ ይናገራል። የሃይድሮጅን አተም አንድ ፕሮቶንና አንድ ኤሌክትሮን አላት፣ ሁለቱም እንደ እንዝርት ይሾራሉ ብላችሁ አስቡት። ኤሌክትሮኗ የምትሾርበትን አቅጣጫ ስትገለብጥ በጣም ደካማ የሬዲዮ ሞገድ ትለቃለች፦ 1420.4 ሜጋኸርዝ፣ ርዝመቱ 21 ሴንቲሜትር። አንዷ አተም ብቻዋን ብትተው ይህን ለማድረግ በአማካይ 11 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ትወስዳለች። እንግዲህ ትዕግሥት ማለት ይሄ ነው። የአተሞቹ ብዛት ግን ቁጥር ስለሌለው ድምፁ መቼም አይቋረጥም።

ሬዲዮዋ የመጣችው ከቲቪ ነው። መጀመሪያ የተሠራችው ኮምፒውተር ላይ ዲጂታል ቴሌቪዥን ለማየት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 አካባቢ ነካኪ ሰዎች ቺፑ ያልተነካ ጥሬ ምልክት እንደሚሰጥ ደረሱበት፤ ከዚያ ወዲህ ለሁሉም ነገር ይጠቀሙባታል። ውጭ አገር ከ30 እስከ 40 ዶላር አካባቢ ትገኛለች። ስትገዙ አንድ ነገር አረጋግጡ፦ የሰዓት ክሪስታሏ በሙቀት የማይዋልል መሆኑን። ርካሾቹ እስከ 50 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን 50፣ ይስታሉ። በ1420 ሜጋኸርዝ ላይ ይህ 71 ኪሎኸርዝ ነው፣ ወደ ጋዝ ፍጥነት ሲቀየር (እንዴት እንደሚቀየር ኋላ ይመጣል) በሰከንድ 15 ኪሎ ሜትር ስህተት ማለት ነው። የጋዝ ፍጥነት ልለካ ብሎ ለተነሳ ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም። የእኔዋ 1 ፒፒኤም ናት፣ በዚህ አላማትም። ትሞቃለች ግን። አንድ ሰዓት ከሠራች በኋላ በእጅ አትያዝም።

አንቴናውን ራሴ ማሠራት ነበረብኝ። መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄድኩ። የወረወርነው ቆርቆሮ ሁሉ ምድጃና ማንቆርቆሪያ ሆኖ የሚነሳበት ቦታ ነው፣ ለዚህ ሥራ ከዚያ የተሻለ ቦታ አላውቅም። አንድ ሸምገል ያሉ ቆርቆሮ ሠሪ ጋ ስዕሌን ዘረጋሁ፦ አፉ 75 በ60 ሴንቲሜትር የሆነ፣ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድና መጨረሻው ላይ አራት ማዕዘን የቲነር ጣሳ የሚገጠምበት ትልቅ ጥሩምባ።

«ጭስ ማውጫ ነው እህቴ?»

«አይ ጋሼ፣ የሃይድሮጅን ድምፅ መቀበያ ነው።»

«ሃይድሮጅን ይናገራል እንዴ?»

«ቀስ ብሎ።»

ከት ብለው ሳቁና መቀሳቸውን አነሱ። በዚያው ቀን ማታ ጨረሱልኝ፣ ጠርዙን ሁሉ እንዳይቆርጠኝ አጠፉልኝ። ዋጋ ላይ ትንሽ ተጨቃጨቅን እንጂ ሥራቸው አንደኛ ነው። የዚህ ሁሉ ግምገማ አሸናፊ እሳቸው ናቸው ብል አላጋነንኩም። ጣሳው ውስጥ 5.3 ሴንቲሜትር የመዳብ ሽቦ አቆምኩ፣ የሞገዱ አንድ አራተኛ ማለት ነው። እዚያ ላይ ማጉያውን፣ ከማጉያው ሬዲዮዋን፣ ከሬዲዮዋ ላፕቶፑን አገናኘሁ። ግቢ ውስጥ በርጩማ ላይ አፉን ወደ ሰማይ አድርጌ አስቀመጥኩት።

ሦስት ምሽት ምንም የለም።

ጥፋቱ የማን እንደነበር ልንገራችሁ። ማጉያዋ መብራት የምታገኘው በዚያችው ኬብል ከሬዲዮዋ ነው፣ ያንን ደግሞ በሶፍትዌር ማብራት ያስፈልጋል። መመሪያው ላይ ይህ የለም። መመሪያው ራሱ የለም! ሳጥኑ ውስጥ ያለችው ብጣሽ ወረቀት ስለ ዋስትና ብቻ ነው የምታወራው። ሁለተኛ ነጥብ ተቀነሰ። ማጉያዋ ስትበራ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ፦ ስክሪኑ በሹል ሹል መስመሮች ተሞላ። አንዷ 1420 አጠገብ ስለነበረች «አገኘሁት!» ብዬ ለጓደኞቼ ፎቶ ላክሁ፣ ቴሌግራም ላይ ጭብጨባ ተቀበልኩ። በማግስቱ ጥሩምባውን ወደ መሬት ሳዞረው መስመሯ እዚያው ናት። አፈር ውስጥ ጋላክሲ የለም። አፈርኩ።

ምንጩን ለማወቅ ወደ ጣሪያዎቹ ማየት በቂ ነበር። የሰፈራችን ጣሪያ ዲሽ በዲሽ ነው። ዲሹ ፊት ላይ የተሰቀለው ኤል ኤን ቢ የሚሉት መቀበያ የሳተላይቱን ምልክት ዝቅ አድርጎ ከ950 እስከ 2150 ሜጋኸርዝ ባለው መሃል በኬብል ወደ ሪሲቨር ይልካል። የእኛ 1420 ቁጭ ያለው እዚያ መሃል ነው። በዓለም አቀፍ ደንብ ከ1400 እስከ 1427 ያለው ለሥነ ፈለክ የተጠበቀ ነው፣ ማንም ሊያሰራጭበት አይፈቀድም። ኬብል ውስጥ መሄድ ግን ማሰራጨት አይደለም፤ ኬብሉ በፕላስተር የተቀጠለ ከሆነ ግን ያፈሳል። የእኛ ሰፈር ኬብል እንዴት እንደተቀጠለ እግዜር ይወቀው።

ከዚያ የቡሄ ዋዜማ መጣ። ልጆቹ በር ለበር ሆያ ሆዬ እያሉ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ሊሆን ሲል መብራት ድርግም አለ። ሰፈሩ በሙሉ። አከራዬ እማማ «አይ የእኛ ነገር!» ብለው ሻማ ሊፈልጉ ገቡ፣ እኔ ላፕቶፔ ባትሪ ላይ ስለነበር ዝም ብዬ ስክሪኑን አየዋለሁ። መስመሮቹ አንድ በአንድ ሳይሆን በአንዴ ጠፉ። የሰፈሩ ሪሲቨር ሁሉ ሲተኛ ከታች ለስላሳ ጉብታ ብቅ አለ። ሹል አይደለም፣ የተኛ ግመል ይመስላል። ሰማዩ ጥቁር ደመና ነበር፣ ያካፋም ነበር። 21 ሴንቲሜትር ሞገድ ለደመና ደንታ የለውም። እንጦጦ ላይ ያሉት ሁለቱ የአንድ ሜትር ቴሌስኮፖች በዚህ ሰማይ አንዲት ኮከብ ሊያዩ አይችሉም፣ የእኔ ጥሩምባ ግን በነሐሴ ዝናብ ሥራ ላይ ነው። ለአዲስ አበባ ክረምት ከዚህ የሚስማማ የሥነ ፈለክ መሣሪያ አላየሁም፣ የቀነስኩትን አንዱን ነጥብ እዚህ ጋ መለስኩ።

እውነት ከሰማይ መሆኑን እንዴት አወቅሁ? ጥሩምባውን ሳላንቀሳቅስ ተውኩት። ጉብታው በየቀኑ አራት አራት ደቂቃ እየቀደመ መጣ። ከዋክብት እንደዚያ ነው የሚያደርጉት፣ ዲሽ እንደዚያ አያደርግም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ጉብታው ለምን ሰፋ? አተሟ የምትልከው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፣ 1420.4። ጋዙ ግን ይሮጣል። ከእኛ የሚርቀው ዝቅ ብሎ፣ ወደ እኛ የሚመጣው ከፍ ብሎ ይሰማል፤ በየ4.7 ኪሎኸርዙ አንድ ኪሎ ሜትር በሰከንድ። በዚያ ሰዓት በአናታችን በኩል የሚያልፈው ንስር የተባለው የከዋክብት ስብስብ ነው፣ ፍኖተ ሐሊብ መሃሉን ሰንጥቆት ያልፋል። የጉብታው ግራ ጠርዝ 1420.1 አካባቢ ደርሷል። የምድርን ጉዞ ስትቀንሱለት በሰከንድ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸሽ ጋዝ ነው። ይህን ከፀሐይ የራሷ ሩጫ ጋር፣ ማለትም በሰከንድ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በትንሽ ትሪጎኖሜትሪ ስትደምሩት ከጋላክሲው እምብርት 18,000 የብርሃን ዓመት ላይ ያለው ጋዝም ያው ወደ 220 ይሮጣል። እኛ ያለነው ከ26,000 በላይ ላይ ነው። በፀሐይ ሥርዓት ውስጥ ራቅ ያለ ፕላኔት ቀስ ይላል፤ እዚህ ግን ራቅ ያለውም እኩል ይሮጣል። የማናየው ክብደት አለ ማለት ነው፣ ጥቁር ቁስ የሚሉት። ይህን ቲነር በነበረበት ጣሳ መለካት ትንሽ ያስደነግጣል።

በዚያው በነሐሴ ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ላይም ሞክሩት። ፀሐይ ወጥታ፣ ልብስ ተሰጥቶ፣ በአናታችን ላይ የጋላክሲው የውጪ በኩል ያልፋል። ጉብታው ጠበብ ይላል፣ ምክንያቱም በዚያ አቅጣጫ ጋዙ ከእኛ ጋር ጎን ለጎን ስለሚሄድ ነው።

የማይሠራውንም ልንገር፣ ሳጥኑ አይናገርምና። ይህ ዕቃ የሚሰማው ነጠላ የሃይድሮጅን አተምን ብቻ ነው። ከዋክብት የሚወለዱበት ጥቅጥቅ ያለው ደመና፣ ከፍጹም ዜሮ በላይ ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ብቻ የሚሞቀው፣ ሃይድሮጅኑ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ስለተጣመረ በ21 ሴንቲሜትር አይናገርም። እሱን የሚፈልጉ ሰዎች የካርቦን ሞኖክሳይድን 2.6 ሚሊ ሜትር ሞገድ ነው የሚከተሉት፣ ያ ደግሞ በእኛ አቅም የሚነካ አይደለም። የፈነዱ ከዋክብት ያሞቁት ሚሊዮን ዲግሪ ጋዝም አለ፣ እሱ በኤክስሬይ ነው የሚታየው። ሚሊዮን ሲባል አትደንግጡ፣ በጣም የሳሳ ስለሆነ ውስጡ ብትገቡ የሚያቃጥላችሁ አታገኙም። የሚገርመው ሳስቶ የጋለውና ጠጠር ብሎ የቀዘቀዘው ጎን ለጎን ሆነው የሚገፋፉበት ግፊት ተቀራራቢ ነው። አንዱ በብዛት፣ አንዱ በሙቀት።

ዝናብ ላይ ተጠንቀቁ፣ ጥሩምባ ውሃም ይሰበስባል። የእኔ ጣሳ ሞልቶ ማጉያዋን አንድ ቀን ሩዝ ውስጥ አሳደርኳት። ይህ ጣጣ አዲስ አይደለም። ቫን ደ ኸልስት የተባለው ሆላንዳዊ ይህ ሞገድ ሊኖር እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1944 ተነበየ፤ ኢወንና ፐርሰል መጋቢት 1951 ሃርቫርድ ላይ አገኙት። እነሱም በመስኮት ያወጡት ጥሩምባ ነበር፣ በ500 ዶላር ድጎማ። ሲዘንብ ውሃው ወደ ላብራቶሪው ይወርድ ነበር፣ ተማሪዎች ደግሞ በረዶ እየጠፈጠፉ ይወረውሩበት ነበር። እኔ ጋ የቡሄ ልጆች ሙልሙል ሊጥሉበት ሲሉ ደርሼባቸዋለሁ። አሁን አፉን በስስ ፕላስቲክ ሸፍኜዋለሁ፤ ሞገዱ ያልፋል፣ ዝናብም ሙልሙልም አያልፍም።

ይገዛ? ጆሮዬ ላይ የሆነ ዜማ ይመጣል ብላችሁ ከሆነ አይገዛ፤ የምትሰሙት ሹሹታ ነው፣ ቁምነገሩ ስክሪኑ ላይ ነው። ትዕግሥት ካላችሁ፣ ላፕቶፕ ካላችሁ፣ በተለይ ፊዚክስ የምታስተምሩ ከሆነ ግዙት። ከአምስት አራት ሰጥቼዋለሁ። ለጥሩምባው አምስት።

ባለፈው ሳምንት ምናለሽ ተራ ተመልሼ ግራፉን ስልኬ ላይ አሳየኋቸው። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው፣ መልሰው አድርገው፣ ጉብታውን ሲያዩ ቆዩ። ጠባብ የሰማይ ክፍል ለይቶ ለማየት ትልቅ አፍ እንደሚያስፈልግ ነገርኳቸው።

«ሁለት ሜትር እናድርገዋ» አሉ። «ሂሳቡን እንነጋገራለን።»