ኩረጃ የሚያስተምር ኮርስ

ትምህርት ቤት እያለን ከጓደኛ ወረቀት መኮረጅ ያስቀጣን ነበር። ይሄኛው ኮርስ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ "ኮርጁ" ነው የሚለው። የስምንት ሳምንት የኦንላይን የዘይት ቀለም ትምህርት ነው። በየሳምንቱ አንድ ስመ ጥር ሰዓሊ ይመረጥና ከሥራው ቁራጭ ወስደን እንስላለን። ሙሉውን አይደለም፣ ቁራጭ ነው፤ አንድ እጅጌ፣ አንድ ጆሮ፣ የፊት ግማሽ። ከሰሞኑ ጨረስኩት። ስሙን አልጠራም፣ ወቀሳ ስላለኝ። ደግሞም ተመሳሳይ ኮርሶች ብዙ ስለሆኑ የምለው ነገር ሌላው ጋ ስትመዘገቡም ይጠቅማችኋል ብዬ አስባለሁ።

ከየት እንደተነሳሁ ልንገራችሁ። ሦስት ዓመት ያህል ለብቻዬ ስስል ቆይቻለሁ፣ ሥዕሎቼም አንድ የጋራ መልክ አላቸው፦ ጭቃ። ቀለሙ ቱቦ ውስጥ እያለ ያምራል፣ ሸራው ላይ ሲደርስ ጭቃ ይሆናል። ይሄን ቪዲዮ በማየት ልፈታው ሞክሬ አልሆነልኝም።

የመጀመሪያው ሳምንት የስዊድናዊው የአንደርስ ዞርን ነበር። በስሙ በሚጠራው ፓሌት (የቀለም ምርጫ) አራት ቀለም ብቻ ነው ያለው፦ ነጭ፣ የሎ ኦከር (አፈር የሚመስል ቢጫ)፣ ቀይና ጥቁር። ሰማያዊ የለም። "ያለ ሰማያዊ እንዴት ይሆናል?" ብዬ ሳቅኩ። ከዚያ ጥቁሩን ከነጭ ቀላቅዬ ከሞቀ የገላ ቀለም አጠገብ ሳስቀምጠው ሰማያዊ መሰለ። እውነቴን ነው፣ ዓይኔን አላመንኩም። ዞርን ራሱ ሲያስፈልገው ሌላ ቀለም ይጨምር ነበር፣ ግን ለተማሪ አራቱ በቂ ናቸው። እንዲያውም ግማሹ ጭቃዬ ቀለም ከማብዛት የመጣ እንደነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ሌላውን ግማሽ የፈታልኝ የኔዘርላንዳዊው የሬምብራንት ሳምንት ነው። የተሰጠን ቁራጭ "የአይሁዳዊቷ ሙሽራ" በሚባለው ሥዕሉ ላይ ያለው የሰውዬው ወርቃማ እጅጌ ነበር። ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ጨርቅ የለም። ያለው እንደ ሊጥ የተለጠፈ፣ የተጎረበጠ ቀለም ነው። ራቅ ስትሉ ግን ወርቅ ክር ይሆናል። አስተማሪው እዚህ ላይ አንድ ቀላል ነገር አሳየን፦ ብርሃን የሚያርፍበት ቦታ ቀለሙ ወፍራም ነው፣ ጥላው ደግሞ ስስ ነው፣ የታችኛው ቡናማ መደብ እስኪታይ ድረስ። እኔ ለሦስት ዓመት የማደርገው ግልባጩን ነበር። ጥላው ስላልጨለመልኝ ቀለም እጨምራለሁ፣ አሁንም እጨምራለሁ፣ በላዩ ላይ ነጭ የነካ ብሩሽ ይገባበታል፣ አለቀ። እጅጌዋን አራት ጊዜ ሠራኋት። ሦስቱን ጣልኳቸው። አራተኛዋ ግድግዳ ላይ ናት፣ የሬምብራንትን እንኳ አትመስልም፣ ግን ጥላዋ ጥላ ነው።

እንግዲህ ወደ ወቀሳው። አምስተኛው ሳምንት የሌላው ኔዘርላንዳዊ ሰዓሊ የቬርሜር "የዕንቁ ጉትቻ ያደረገችው ልጅ" ነበረች። በ1665 አካባቢ የተሳለች፣ ቁመቷ 44.5 ወርዷ 39 ሳንቲ ሜትር የሆነች ትንሽ ሥዕል ናት። ትምህርቱ ምን አለ መሰላችሁ? "መደቡን ጥቁር ቀቡት።" በቃ። ግን መደቡ መጀመሪያ ጥቁር አልነበረም! ሥዕሏ የምትገኝበት የሄግ ሙዚየም ማውሪትስሃውስ በ2018 በመሣሪያ አስመርምሯት፣ ከኋላዋ አረንጓዴ መጋረጃ እንደነበረ ታውቋል። ቬርሜር በጨለማ መደብ ላይ ከተክል የሚወጡ ሰማያዊና ቢጫ ቀለሞችን ስስ አድርጎ ደርቦ ነበር፤ ቀለሞቹ ከጊዜ ብዛት ተበላሽተው ነው ዛሬ ጥቁር የሚመስለው። ከኋላ ወደ ፊት እየመጣ እንደሠራም ያው ምርመራ አሳይቷል፦ መደቡና ፊቷ፣ ከዚያ ቢጫ ልብሷ፣ ነጭ ኮሌታዋ፣ ሻሿ፣ በመጨረሻ ዕንቁው። ዕንቁውም ጥቂት የነጭ ንክኪ ብቻ ነው፣ ማንጠልጠያ እንኳ የለውም። ከታላቅ ሰዓሊ ቴክኒክ እንማር ከተባለ መማር ያለብን ይሄንን ቅደም ተከተል ነው፤ የዛሬውን ገጽታ መገልበጥማ ፎቶ ኮፒም ይችላል። ጥያቄዬን ስልክላቸው ከአሥር ቀን በኋላ የመጣው መልስ "ጥሩ ምልከታ ነው፣ በርታ" የሚል ነበር። በርታ!

የሥዕል ፎቶዎቹም ያናድዳሉ። ተጨምቀው ተጨምቀው የብሩሽ ዱካ የማይታይባቸው ናቸው። እኔ በመጨረሻ ትቻቸው በቀጥታ ወደ ሙዚየሞቹ ድረ ገጽ ሄድኩ። የአምስተርዳሙ ራይክስሙዚየም የሬምብራንትን "የሌሊት ዘብ" በ2022 በ717 ጊጋፒክስል (717 ቢሊዮን ነጥብ) ፎቶ አውጥቶታል፣ በነፃ። እያጎላችሁ ስትገቡ በቀለሙ ላይ ያለው ስንጥቅ ሳይቀር ይታያል። ኮርሱ የዚህን ሊንክ መስጠት አቅቶት ነው የደበዘዘ ፎቶ የሚያስወርደን?

ሌላ የዘለሉት ነገር አለ። በዘይት ቀለም ደርባችሁ ስትሠሩ የላይኛው ንብርብር ከታችኛው ይልቅ ዘይት የበዛበት መሆን አለበት፣ አለበለዚያ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። ይሄን በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የነኩት። አዲስ ተማሪ ቢሆን ያልፈዋል፣ ዋጋውን የሚያየው ቆይቶ ነው።

የስፔናዊው ቬላስኬዝና የአሜሪካዊው ሳርጀንት ሳምንታት ደህና ናቸው፣ ብዙ የምለው የለኝም። ሳርጀንት የፓሪስ መምህሩ ካሮሉስ ዱራን ቬላስኬዝን ደጋግሞ እንዲያይ ይገፋፋው ስለነበር ሁለቱን አከታትሎ ማስተማሩ ብልህነት ነው።

የመጨረሻው ሳምንት ቫን ጎህ ነው፣ እዚህ ላይ ቆቤን አንስቻለሁ። ሁላችንም ቫን ጎህን ከራሱ እንደፈለቀ አድርገን እናስባለን። ሰውዬው ግን በ1889 እና 1890 ፈረንሳይ፣ ሳን ሬሚ ውስጥ ታሞ በተኛበት የፈረንሳዊውን ሰዓሊ የሚሌን ሥራዎች ሲገለብጥ ነበር፣ ያውም ሃያ ያህል። በእጁ የነበሩት ጥቁርና ነጭ ሕትመቶች ስለሆኑ ቀለሙን ራሱ ነው ያመጣው። ለወንድሙ በጻፈው ደብዳቤ ነገሩን የቤትሆቨንን ሙዚቃ ከሚጫወት ሰው ጋር ያመሳስለዋል፤ ተጫዋቹ የራሱን አተረጓጎም ይጨምርበታል ይላል። የቤት ሥራችን እንደዚያው ነበር፦ ጥቁርና ነጭ ሕትመት ተሰጠን፣ ቀለሙን ራሳችሁ አምጡ ተባልን። ሁለት ቀን ባዶ ሸራ ላይ ሳፈጥ ነበር። እስከዚያ ድረስ ስኮርጅ ምን ያህል እንደተደገፍኩ አላወቅኩም። በሦስተኛው ቀን ግን በዞርን አራት ቀለሞች ጀመርኩት፣ ጥላውን አሳሳሁት፣ ሄደልኝ።

ልመዝገብ ወይ ለምትሉ፦ ቅርጽ በእርሳስ አስተካክሎ መንደፍ ገና ለሚቸግረው ሰው አይሆንም፣ በሁለተኛው ሳምንት ያማርራችኋል። መሳል ችላችሁ ቀለም ለሚያምፅባችሁ ግን ተመዝገቡ፣ ፎቶዎቹን ከሙዚየም አውርዱ፣ እርማት እንደማይኖር ቁጠሩት። ከአምስት ሦስት ኮከብ ሰጥቻለሁ፣ የቬርሜሩን ሳምንት ቢያስተካክሉ አራት እሰጥ ነበር።

ልጅቷን ለብቻዬ እንደገና ጀምሬያታለሁ። ጥቁሩ መደብ ደርቋል፣ ትናንት ማታ አረንጓዴውን ስስ አድርጌ ደረብኩበት፣ አሁን እስኪደርቅ እየጠበቅኩ ነው።