በየደቂቃው የሚያቋርጥ ላፕቶፕና የማይሰማ የድጋፍ ክፍል፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ይህን ላፕቶፕ ባለፈው ጥቅምት የገዛሁት ለድምፅ ሥራ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ በአነስተኛ ስቱዲዮ በገና፣ ክራርና መዝሙር እቀዳለሁ፤ አልፎ አልፎም መሣሪያዬን ይዤ ወደ ዘጌና ወደ ሌሎች የጣና ዳር አካባቢዎች እወጣለሁ። ስለዚህ ከአንድ ኮምፒውተር የምፈልገው መብራት ሲጠፋ የሚያሠራኝ ባትሪ፣ ማይክሮፎን የማይረብሽ ጸጥተኛ ማራገቢያና ከሁሉም በላይ ድምፅን ሳያቋርጥ የሚቀበል ማሽን ነው። የአምራቹንና የሞዴሉን ስም እዚህ ያላነሣሁት አቤቱታዬ ገና ስላልተዘጋ ነው፤ የጻፍኩት ግን እንዲህ ዓይነት ችግር የገጠመው ሰው ምን እንደሚጠብቀው አስቀድሞ እንዲያውቅ ነው።

በጎ ጎኑን አልክድም። ስክሪኑ ከቤት ውጭ በቀን ብርሃን እንኳ ይነበባል፣ የቁልፍ ሰሌዳው ለረጅም ጽሑፍ ይመቻል፣ ባትሪው ግማሽ ቀን የሚዘልቅ የመብራት መቋረጥን ተቋቁሟል፤ ማራገቢያውም መጀመሪያ ላይ በጋው ሲበረታ ካልሆነ በስተቀር አይሰማም ነበር። አካሉ በደንብ የተሠራ ነው። እንዲህ በጥንቃቄ የተሠራን ዕቃ ውስጡ ያለው ፈርምዌር፣ ማለትም አምራቹ ማሽኑ ውስጥ የጫነው መሠረታዊ ፕሮግራም፣ ከጥቅም ውጪ ሲያደርገው ማየት ነው ይበልጥ የሚያሳዝነው።

ችግሩ በጉልህ የታየኝ በገና ስቀዳ ነው። በገና አሥር አውታር ያለው መሣሪያ ሲሆን ያ ጥዝጥዝ የሚለው ድምፁ የሚገኘው በብርኩማውና በአውታሩ መካከል ከሚገባው ቁራጭ ቆዳ፣ ከእንዝራው ነው። ደርዳሪው አንዱን አውታር ከነካ በኋላ ድምፁ እየተንዘረዘረ ይቆያል፤ በዚያ ርዝማኔ መካከል ነበር «ጠቅ» የሚል አጭር ድምፅ የሚሰማው። ደርዳሪው እንዝራውን ደጋግሞ አስተካከለ፤ ድምፁ ግን አልጠፋም። በኋላ የተቀዳውን ሞገድ በስክሪኑ ላይ አጉልቼ ስመለከት መስመሩ ባለበት ተቆርጦ ቀጣዩ ክፍል ከሌላ ቦታ መጥቶ የተቀጠለ ይመስላል። ያንኑ ሰዓት የመዳፊቱ ቀስት ለቅጽበት ይደርቃል፣ የሚታየው ቪዲዮም ስታክ ያደርጋል። ቻርጀሩ ተሰክቶ ሳለ ይህ ነገር በየደቂቃው ገደማ ይደጋገማል፤ ቻርጀሩ ሲነቀል ደግሞ ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አይቀርም።

ለቢሮ ሥራ የሚጠቀም ሰው ይህን ላያስተውለው ይችላል። በድምፅ ሥራ ግን ሒሳቡ ግልጽ ነው፤ በሰከንድ 48,000 ናሙና ስንቀዳ 256 ናሙና የሚይዝ ባፈር (የገባው ድምፅ ለጊዜው የሚጠራቀምበት ቦታ) የ5.3 ሚሊ ሰከንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ኮምፒውተሩ ከዚያ በላይ ከዘገየ ባፈሩ ይሞላል፣ ተከታዩ ድምፅም ይጠፋል። ማይክሮሶፍት ለድራይቨር (ዊንዶውስን ከኮምፒውተሩ ክፍሎች ጋር ለሚያገናኝ ፕሮግራም) ጸሐፊዎች በሰጠው ምክር ዲፒሲ የሚባለው የድራይቨር ተግባር ከ100 ማይክሮ ሰከንድ በላይ ፕሮሰሰሩን ይዞ መቆየት እንደሌለበት ይናገራል። ላተንሲሞን በተባለው የመለኪያ ፕሮግራም ስፈትሽ ኤሲፒአይ የተባለው ድራይቨር ከ10 ሚሊ ሰከንድ በላይ፣ ማለትም ከዚያ ወሰን ከመቶ እጥፍ በላይ፣ ይዞ ሲቆይ አየሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማብራራት ግድ ይላል፤ የድጋፍ ክፍሉ ሠራተኞች ሁሉ የተሰናከሉት በዚሁ ነጥብ ነውና። ኤሲፒአይ ፈርምዌሩና ዊንዶውስ ስለ ባትሪ፣ ስለ ሙቀት፣ ስለ ማራገቢያና ስለ ኃይል አጠቃቀም የሚግባቡበት ደንብ ነው። ድራይቨሩ የማይክሮሶፍት ቢሆንም የሚያስፈጽመው ትእዛዝ ግን የኮምፒውተሩ አምራች ባዮሱ (ማሽኑን የሚያስነሣው ፈርምዌር) ውስጥ የጻፈው ነው። በዚያ ትእዛዝ ውስጥ አላስፈላጊ መጠበቅ ካለ፣ ወይም አንድ መልእክት ያለ በቂ ምክንያት እየተደጋገመ ከተላከ፣ ድራይቨሩ የታዘዘውን ከመፈጸም ሌላ ምርጫ የለውም። ዊንዶውስን ፎርማት ማድረግ ይህን አይነካውም፤ ትእዛዙ የተቀመጠው ዲስኩ ላይ ሳይሆን ማዘርቦርዱ ላይ ባለ ሌላ ማኅደር ነው።

ይህንን ለማረጋገጥ በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራውን ሊኑክስ የተባለ ሥርዓት ከፍላሽ አስነሣሁ። ሊኑክስ ከፈርምዌሩ የሚመጡትን የኤሲፒአይ ጥሪዎች እየቆጠረ በግልጽ ያሳያል፤ ቆጣሪው ኮምፒውተሩ ምንም ሳይሠራ ተቀምጦ እያለ እንኳ ከአንድ ምንጭ ብቻ ያለማቋረጥ ይጨምር ነበር። ዊንዶውስ በሌለበት ያው ምልክት ከታየ ጥፋቱን በዊንዶውስ ላይ ማላከክ አይቻልም። ከተማችን ውስጥ ላፕቶፕ የሚጠግን አንድ ወጣት ባለሙያም ውጤቱን አይቶ፣ «ጋሼ፣ ይሄ በእኛ እጅ የሚፈታ አይደለም፤ ባዮሱን የሚከፍቱት ራሳቸው ናቸው» አለኝ። እውነቱን ነው። ባዮሱ በአምራቹ ዲጂታል ፊርማ የታሸገ ስለሆነ ሌላ ሰው አስተካክሎ ቢጭነው ማሽኑ አይቀበለውም። አምራቹ ቁልፉን ለብቻው ከያዘ ኃላፊነቱንም ለብቻው መያዝ ነበረበት።

የመለኪያውን ውጤት፣ የሊኑክሱን ቆጠራና የተቆረጠውን የበገና ድምፅ አያይዤ ለድጋፍ ክፍሉ ጻፍኩ። የመጀመሪያው መልስ ድራይቨሮችን አዘምን የሚል ነበር፤ አዘመንኩ። ሁለተኛው ዊንዶውስን እንደ አዲስ ጫን አለኝ። የዊንዶውስ 11 መጫኛ ከ5 ጊጋባይት በላይ ነው፤ በከተማችን ኔትወርክ እየተቋረጠና እንደገና እየጀመረ ያን ማውረድ ምን ያህል ገንዘብና ጊዜ እንደሚፈጅ ለጻፈልኝ ሰው የታየው አይመስለኝም። ያንንም ፈጸምኩ፤ ድምፁ እንደ ቀድሞው ተቆረጠ። ከዚያ ላተንሲሞን የሌላ ድርጅት ፕሮግራም ስለሆነ ውጤቱን እንደ ማስረጃ አንቀበልም ተባልኩ። ታዲያ የራሳችሁን መለኪያ ስጡኝ ብዬ ስጠይቅ የላኩልኝ የራሳቸው ፕሮግራም ሚሞሪውን፣ ዲስኩንና ባትሪውን ብቻ የሚፈትሽ ሆኖ ተገኘ። ሁሉም ጤነኛ ነው አለ፤ እነርሱም ኮምፒውተርዎ ጤነኛ ነው ብለው ጻፉልኝ።

ከሁሉ ያስመረረኝ ግን ክርክሩ አይደለም። በየጊዜው አዲስ ሠራተኛ ይመደባል፤ አዲሱ ሠራተኛ ከላይ የተጻፈውን ሳያነብ ድራይቨር አዘምን ከሚለው ይጀምራል። አንድ ጊዜ መብራትም ኔትወርክም ጠፍቶ ሳልመልስ ስቀር፣ ደንበኛው ምላሽ ስላልሰጠ ተብሎ ጉዳዬ ተዘጋ፤ አዲስ ቁጥር አውጥቼ ማስረጃውን ሁሉ ዳግም መላክ ነበረብኝ። በመጨረሻ የቀረበልኝ መፍትሔ ማሽኑን አዲስ አበባ ወዳለው ጥገና ማዕከል ልኬ ማዘርቦርዱ እንዲቀየር ነበር። አዲሱ ማዘርቦርድ ያንኑ ባዮስ ይዞ የሚመጣ ከሆነ መቀየሩ ምን ይጠቅማል? ይህንን በግልጽ ጠየቅሁ፤ ያገኘሁት ምላሽ ግን የጥገና ማዕከሉ አድራሻ ብቻ ነበር። በደብረ ማርቆስ በኩል ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ላይ ያለ ከተማ፣ ያውም የሥራ መሣሪያዬን ለስንት ጊዜ እንደማጣ ሳይነገረኝ፣ ለማይፈታ ነገር ለመላክ ፈቃደኛ አልሆንኩም።

በመካከሉ አዳዲስ ባዮሶች ወጥተዋል። ከእያንዳንዳቸው ጋር የመጣው መግለጫ «የሥርዓቱን መረጋጋት ያሻሽላል» ከማለት አያልፍም፤ ምን እንደተቀየረ፣ የኤሲፒአዩ ክፍል ተነክቶ እንደሆነ አይናገርም። ባዮስ መጫን ደግሞ እንደ ተራ ፕሮግራም የሚታይ ጉዳይ አይደለም፤ በመሐል ኃይል ከተቋረጠ ማሽኑ ጭራሽ ላይነሣ ይችላል። እኔ ባትሪው ሙሉ ካልሆነና መብራቱ ካልተረጋጋ አልጀምርም። ከተጫኑት አንዱ የማራገቢያውን ጸጥታ ስላበላሸው ወደ ቀድሞው ልመለስ ብል ማሽኑ ወደ ኋላ መመለስን አይፈቅድም። ደንበኛው ምን እንደሚጭን ሳይነገረውና መመለሻ ሳይኖረው አደጋውን ብቻ እንዲሸከም ይደረጋል ማለት ነው።

የፈርምዌር ስህተት መከሰቱን አልቃወምም፤ ትልልቆቹም ይሳሳታሉ። ፕሮሰሰር አምራቹ ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2022 ራይዘን የተባለው ፕሮሰሰሩ ባለባቸው አንዳንድ ኮምፒውተሮች ላይ ተመሳሳይ መቆራረጥ እንዳለ በይፋ አምኗል። መንስኤው ኤፍቲፒኤም የተባለው የደኅንነት ክፍል ማዘርቦርዱ ላይ ካለው የፍላሽ ማኅደር ጋር አልፎ አልፎ የሚያደርገው ረዘም ያለ የመረጃ ልውውጥ መሆኑን ገልጾ፣ ማስተካከያው ከግንቦት ወር መጀመሪያ አንሥቶ በባዮስ ማዘመኛዎች በኩል እንደሚደርስ አስታወቀ። እስከዚያው ለተቸገረ ሰውም ጊዜያዊ አማራጭ ጠቆመ። ያን የሚያክል ድርጅት ችግሩን በስሙ ጠርቶ ምክንያቱንና ጊዜውን ማሳወቅ ከቻለ፣ የእኔም አምራች አንዲት አንቀጽ መጻፍ አያቅተውም። እስከ ዛሬ ችግሩ መኖሩን እንኳ አላመነም።

አሁን የምሠራው በጊዜያዊ መላ ነው። ስቀዳ ቻርጀሩን እነቅላለሁ፣ ባፈሩን ወደ 1,024 ናሙና ከፍ አደርጋለሁ። ይህ መቆራረጡን ቢያሳንሰውም ድምፁ ወደ ዘማሪው ጆሮ ማዳመጫ በኮምፒውተሩ በኩል ሲመለስ ከ21 ሚሊ ሰከንድ በላይ ስለሚዘገይ፣ ከራሱ ድምፅ ጋር እየተጋጨ የሚቸገር ዘማሪ አለ። ለከባድ ቀረጻ የድሮውን ላፕቶፕ አውጥቼ እጠቀማለሁ፤ ስክሪኑ የደበዘዘ፣ ባትሪውም የሞተ ነው፤ ድምፅ ግን አይጥልም።

ይህን ማሽን ለጽሕፈትና ለሒሳብ ሥራ ለሚፈልግ ሰው ልከለክለው አልችልም። ለድምፅ፣ ለቀጥታ ሥርጭትና ለቪዲዮ ቅንብር ግን አምራቹ ኤሲፒአዩን ማስተካከሉን በጽሑፍ እስኪገልጽ ድረስ እንዲገዛ አልመክርም። ከሱቅ ከመውሰዳችሁ በፊት ሻጩን አስፈቅዳችሁ ቻርጀሩ እንደተሰካ ላተንሲሞንን ሩብ ሰዓት ያህል አስሮጡት፤ የኤሲፒአዩ ቁጥር ከ1 ሚሊ ሰከንድ በላይ ደጋግሞ ከወጣ ዕቃውን እዚያው ተዉት።