ባዶ መደርደሪያን «ፈላጊ የለውም» ብሎ የሚያነብ ኤአይ

ሶማሌ ተራ፣ አዲስ አበባ የመኪና መለዋወጫ ገበያ፣ ለሚውል ሰው የአይሱዙ ኤንፒአር የናፍጣ ፊልትሮ ፈላጊ የለውም ብትሉት ትቷችሁ ይሄዳል። ከተማውን የሞላው እኮ ያ መኪና ነው። መጠቀም ከጀመርን ዓመት ሊሞላን ጥቂት የቀረን ፕሮግራም ግን ስክሪኑ ላይ ቁልጭ አድርጎ ያስቀመጠልን ይህንኑ ነው። ለሚቀጥሉት ስድስት ወራት ማዘዝ ያለባችሁ፦ 0። ከጎኑ አረንጓዴ ምልክት። አረንጓዴ ማለት ፕሮግራሙ በግምቱ እርግጠኛ ነው ማለት ነው።

አንጀቴ ቅጥል አለ። በዶላር ነው የከፈልንበት።

ለማያውቀው ሰው ባጭሩ ላስረዳ። እኛ የመኪና መለዋወጫ አስመጪ ነን። ፊልትሮ፣ ኩሽኔታ፣ ቺንጊያ፣ የፍሬን ሸራ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ እንዲህ ያለውን ከቻይናና ከቱርክ እናመጣለን። ፕሮግራሙ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ተጠቅሞ የሽያጭና የስቶክ መዝገባችንን ያነባል፤ ከዚያ የትኛው ዕቃ መቼና ምን ያህል መታዘዝ እንዳለበት ይነግረናል፤ መንገድ ላይ ችግር ካለም ያስጠነቅቃል። የሸጡልን ሰዎች ቃል «የአቅርቦት ሰንሰለታችሁ ድንጋጤ ቢመጣበት እንዳይበጠስ ያደርጋል» የሚል ነበር። ጥቅምት 2017 ላይ ፈረምን። የሦስት ዓመት ሽያጭ ጫንንለት።

ችግሩ ያለው እዚያ ሦስት ዓመት ውስጥ ነው። በዚያ ጊዜ ዶላር ማግኘት ምን ይመስል እንደነበር አስመጪ የሆነ ሁሉ ያስታውሰዋል። ፕሮፎርማህን (ከውጭ ሻጭህ ያገኘኸውን የዋጋ ሰነድ) ባንክ አስገብተህ ወራት ትጠብቃለህ። ተራህ ሲደርስ የጠየቅከው ሙሉ አይፈቀድልህም። እስከዚያ መደርደሪያህ ባዶ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ለቀቀው፤ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ የዶላሩ ወረፋ ቀስ በቀስ ላላ። የእኛ መዝገብ ግን ያንን የወረፋ ዘመን ተሸክሞ ነው የሚኖረው።

አሁን ማሽኑ ምን እንዳየ አስቡት። የናፍጣ ፊልትሮው አልቋል። ስላለቀ ሽያጩ ዜሮ ነው። በቀጣዩ ወርም ዜሮ፣ በሚቀጥለውም ዜሮ። ማሽኑ የሚያየው የተሸጠውን ብቻ እንጂ ካውንተሩ ጋ መጥቶ ጠይቆ የሄደውን ሰው አይደለም። ስለዚህ «ይህን ዕቃ ሰው ትቶታል» ብሎ ይደመድማል፤ አትዘዙ ይላል። እኛ ካላዘዝን ደግሞ መደርደሪያው ባዶ ይሆናል፤ ባዶ ሲሆን ሌላ ዜሮ ይመዘገባል፤ ያ ዜሮ ለሚቀጥለው ትንበያ ማስረጃ ይሆናል። እጥረት እንዳይደርስብን የገዛነው ነገር ያለፈውን እጥረት ተምሮ መልሶ ሊያመጣብን ነው ማለት ነው።

በዴሞው ዕለት ጠይቄያቸው ነበር። ዕቃ ባልነበረን ጊዜ ያለውን ምን ያደርገዋል ብያለሁ። መልሱ «አያስቡ፣ ሲስተሙ ራሱ ይማራል» ነበር። ወንድሜ፣ ከምኑ ነው የሚማረው? ማንም ያልጻፈውን ነገር ከየት አምጥቶ ነው የሚማረው? ደግሞ አዲስ ጉዳይ አድርጋችሁ አታቅርቡት። አልፎ አልፎ ብቻ የሚሸጥ ዕቃን እንዴት መተንበይ እንደሚቻል ክሮስተን የተባለ ሰው በ1972 እ.ኤ.አ. ስሌቱን ጽፎበታል። መለዋወጫ ደግሞ ጠባዩ እንዲያ ነው፤ አንዳንዱ ኩሽኔታ ወር ሙሉ ሳይጠየቅ ይቆይና ባንድ ቀን አራት ይወጣል። ያ ዜሮ ትክክለኛ ዜሮ ነው፤ ገዢ ስላልመጣ የመጣ ነው። የእኛ ፊልትሮ ዜሮ ግን ገዢ መጥቶ ዕቃ በማጣቱ የመጣ ነው። ፋይሉ ውስጥ ሁለቱም አንድ ዓይነት ሆነው ይታያሉ። እነዚህን ሁለት ዜሮዎች መለየት የማይችል ፕሮግራም ሸጣችሁልን ስለ ድንጋጤ መቋቋም ልታወሩኝ አትችሉም።

ከዚህ የባሰም አለ። የጃፓኑ ፊልትሮ ሲያልቅ ደንበኛው መኪናውን አቁሞ አይጠብቅም፤ የቻይናውን ይገዛል። ማሽኑ ይህን ሲያይ የቻይናው ተወዳጅ ሆነ፣ የጃፓኑ ወደቀ አለ። የሰውን ምርጫ ሳይሆን የሰውን ችግር ነው የቆጠረው። ነሐሴ 2016 ላይ ደግሞ ዋጋ ሊጨምር ነው ተብሎ ገበያው ሲደናገጥ ቸርቻሪው ሁሉ መጥቶ ጠረገን። ያንንም ዓመት በዓመት የሚመጣ የነሐሴ ገበያ አድርጎ ያዘው። ያንን ወር በእጃችን ምልክት አድርገን ባናወጣው ኖሮ ለነሐሴ 2017 መጋዘን የማይችለው ትዕዛዝ ሊያስልከን ነበር።

ታዲያ ምን አደረግን? ስንት ጊዜ ደውለንና ጽፈን ከቆየን በኋላ አንድ የቴክኒክ ባለሙያቸው (ሻጩ አይደለም፣ ይህ ልጅ እግዜር ይስጠው) «ሴቲንግ ውስጥ ስቶክ ያልነበረባቸው ቀናት የሚል ቦታ አለ እኮ» አለን። አለ! ከሦስት ምናሌ ሥር ተቀብሮ። ቀኖቹን ከሞላህለት ማሽኑ እነዚያን ዜሮዎች እንደ ሽያጭ አይቆጥራቸውም፤ ዕቃው በነበረበት ጊዜ በምን ፍጥነት ይወጣ እንደነበር አይቶ ባዶውን ጊዜ ይገምታል። ለዚህ ነው ንዴቴ ከፕሮግራሙ ይልቅ በሻጮቹ ላይ የሆነው። መሣሪያው ችሎታው ነበረው። ሲሸጡልን አላሳዩንም፣ ሲያስተምሩን አልነገሩንም፣ ስንጠይቃቸው ደግሞ ራሱ ይማራል አሉን።

ቀኖቹን ከየት እናምጣ? ኮምፒውተሩ ውስጥ የሉም። የስቶር ኃላፊያችን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ቢን ካርዶቹን አንድም ሳይጥሉ በካርቶን አስቀምጠዋቸው ኖሯል። በእጅ የተጻፉ፣ ጠርዛቸው ግሪስ የጠጣ። እያንዳንዱ ካርድ ላይ የገባ፣ የወጣ፣ ቀሪ። ቀሪው 0 የሆነበት ቀን ላይ ጋሼ በቀይ እስክርቢቶ አስምረውበታል። ከሥሩ ደግሞ ዕቃው እንደገና የገባበት ቀን አለ። በሁለቱ መስመሮች መሃል ያለው ነው እኛ የምንፈልገው። የናፍጣ ፊልትሮውን ካርድ ሳይ በሦስቱ ዓመት ውስጥ ቀይ መስመር ያለበት ጊዜ ከሌለበት ይበልጣል። ጋሼ ካርዶቹን እያነበቡ፣ እኛ ኤክሴል ላይ እየጻፍን ዋና ዋናዎቹን ዕቃዎች ጨረስን፤ ጫንነው። ዜሮው ጠፋ። የመጣው ቁጥር ጋሼ ከመጀመሪያው በቃላቸው ካሉት ብዙም አይርቅም ነበር።

ካውንተር ላይ ደግሞ ደብተር አስቀመጥን። ስሙ የ«የለም» ደብተር ነው። ልጅቷ ለደንበኛ የለም ባለች ቁጥር ትጽፋለች፦ ዕቃው፣ ብዛቱ፣ ጠያቂው ጋራዥ ይሁን ሹፌር ወይስ ቸርቻሪ። «ኤንፒአር ናፍጣ ፊልትሮ፣ 4፣ ጋራዥ።» «የሲኖትራክ የፍሬን ሸራ፣ 1 ሙሉ፣ ሹፌር፣ መኪናው ቆሟል።» ያው ጋራዥ በማግስቱ ተመልሶ ከጠየቀ አዲስ መስመር አትጨምርም፣ የቀድሞውን ታከብበዋለች። ይህ ክብ የራሷ ፈጠራ ነው፣ ማንም አላዘዛትም። ባይኖር ኖሮ አንዱን ሰው ሦስት አድርገን እንቆጥር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ደብተሩ ወደ ፕሮግራሙ ይገባል። ከዚያ ወዲህ የሚሰጠን ትንበያ ሌላ ነው፤ ይህንን ሳልሸሽግ ነው የምናገረው።

ዕለት ተዕለት ስላለው አጠቃቀም ብዙ የምለው የለም። ይከፈታል፣ ይሠራል፣ ኢንተርኔት ሲቆራረጥ ይሰናከላል። ሁሉም የሚጠይቀኝ የዘመን አቆጣጠሩን ነው፤ በፈረንጅ ወር ማሳየቱ እኛን አላስቸገረንም።

አንድ የወደድኩት ነገር ግን አለ፤ እሱን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆናል። ድሮ አንድ ትዕዛዝ በስንት ጊዜ ይደርሳል ሲባል አማካይ ወስደን ነበር የምንሠራው። ፕሮግራሙ አማካይ አይሰጥም። «ከ10 ትዕዛዝ 9ኙ እስከዚህ ቀን ይደርሳሉ» ነው የሚለው። በዚያ ላይ ጉዞውን ከፋፍለን እንድንሞላ ያደርገናል፦ ባንክ የፈቀደበት ቀን፣ መርከብ ላይ የተጫነበት፣ ጅቡቲ የወረደበት፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ የደረሰበት፣ ከጉምሩክ የወጣበት። እነዚህን ሞልተን ስናየው ሰው ሁሉ የሚያማርረው ባህሩ ከሁሉም የተረጋጋው ሆኖ ተገኘ። በእኛ ዕቃ ላይ ቀኑ ወዲያና ወዲህ የሚዋዥቀው መርከብ ከመጫኑ በፊትና ጅቡቲ ከወረደ በኋላ ነው። ትራንዚተራችን ይህን ሲያይ «እኔ ስንት ዓመት ስናገር ሰሚ አጥቼ» አለ፤ እውነቱን ነው። አሁን ሰነድ የምናዘጋጀው ዕቃው ጅቡቲ ሲደርስ ሳይሆን መርከቡ ሲነሳ ነው። ዲመሬጅ (ኮንቴይነር ሲዘገይ የሚከፈል ቅጣት) የምንከፍልበት ጊዜ ቀንሷል።

ማስጠንቀቂያው ላይ ግን ገና ይቀረዋል። በሰኔ 2017 ማብቂያና በሐምሌ መጀመሪያ ማጂክ ሲስ እና ኢተርኒቲ ሲ የተባሉ ሁለት መርከቦች ቀይ ባህር ላይ ተመትተው ሲሰጥሙ ፕሮግራሙ ትዕዛዞቻችንን በሙሉ ቀይ አደረጋቸው። ከቱርክ የሚመጣው ልክ ነው፤ በስዊዝ ገብቶ ቀይ ባህርን አቋርጦ ባብ ኤል መንደብ የተባለውን ጠባብ የባህር ሰርጥ አልፎ ነው ጅቡቲ የሚገባው። ከቻይና የሚመጣው ግን በሕንድ ውቅያኖስና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ነው የሚመጣው፤ ጅቡቲ ወደብ ከሰርጡ በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ናት፤ መርከቡ ባብ ኤል መንደብን ማለፍ የለበትም። መድን ቢወደድ፣ ትልልቅ የመርከብ ድርጅቶች መስመራቸውን ቢቀይሩ ይነካዋል፤ ይህ ግን ሌላ ዓይነት አደጋ ነው፣ ሌላ መፍትሔ ነው የሚፈልገው። ሁሉን ቀይ ካደረግህ ለሰው የምትነግረው ነገር የለህም። እኛ ካርታ ዘርግተን የቱርኩን ፍሪሲዮን ብቻ ቀድመን አዘዝን፣ የቻይናውን ባለበት ተውነው።

የመጠባበቂያ ክምችት ላይም እንዲሁ የሰው እጅ ያስፈልገዋል። ለጎን መስታወትና ለጎማ ኩሽኔታ እኩል ክብደት ነው የሚሰጠው። መስታወት ያጣ መኪና ይሄዳል። ኩሽኔታ ያጣ መኪና ጭነቱን ይዞ መንገድ ዳር ይቆማል፣ ሹፌሩም የቀን ገቢውን ያጣል። የትኛው ዕቃ ቢጠፋ መኪና እንደሚያቆም እኛ በእጃችን ነው የሞላንለት። ጥር 2016 ላይ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉንም አያውቅም። አዲስ ካልገባ ያለው አሮጌ መኪና ነው የሚጠገነው፤ የአሮጌ ቶዮታ መለዋወጫ ፍላጎት ወዴት እንደሚሄድ ለመገመት የግድ ሜካኒክ መሆን አያስፈልግም። ከድሮ ሽያጭ ብቻ የሚማር ማሽን ግን ይህን የሚያውቀው ሽያጩ ከተቀየረ በኋላ ነው።

ግዙ ወይስ አትግዙ ለምትሉኝ፦ ንዴቴ ዛሬም አልበረደም፣ ግን እኛ አንተወውም። በቢን ካርድና በ«የለም» ደብተር ከተመገበ ይሠራል። በዚህ ዓመት መኪና የሚያቆሙ ዕቃዎቻችን ካለፉት ዓመታት በጣም ባነሰ ጊዜ ነው ያለቁብን፤ የዶላሩ ወረፋ መላላቱ ትልቁን ድርሻ እንደያዘ ግን ይታወቅ፣ ሻጮቹ ለራሳቸው ቆጥረው ማስታወቂያ እንዳይሠሩበት። እድሳቱ ጥቅምት ላይ ነው። ትልቁን ፓኬጅ ትተን የትንበያውንና የጉዞ ቀኑን ክፍል ብቻ እንድንወስድ ጠይቀናል፤ የአደጋ ማስጠንቀቂያው በዚህ ይዞታው ተጨማሪ ዶላር የሚከፈልበት አይደለም።

ዴሞ ሊያሳዩዋችሁ ከመጡ የእነሱን የናሙና ፋይል አትቀበሉ። የራሳችሁን አንድ ዕቃ ምረጡ፣ በጣም የሚፈለግና ለወራት አልቆባችሁ የነበረ። ሽያጩን ስጧቸውና ለሚቀጥለው ግማሽ ዓመት ስንት እዘዙ እንደሚል እዚያው ፊታችሁ ይጫኑት። ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ቁጥር ከመጣ፣ ስቶክ ያልነበረባቸውን ቀናት የት እንደሚሞሉ እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ። ቦታውን ካላገኙት አትፈርሙ።