ክረምቱ ሲወጣ በደን ውስጥ ለመራመድ፦ መናገሻ ሱባ ወይስ እንጦጦ?

በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት መስከረም 25 ቀን ወጥቶ በማግስቱ ዘመነ ጽጌ ይገባል። ሰማዩ ጠርቶ ምድሩ ግን ገና ውኃ በያዘባቸው በእነዚህ ሳምንታት፣ ከአዲስ አበባ ሳይርቅ በደን ውስጥ በእግሩ መጓዝ ለሚሻ ሰው ሁለቱ ስፍራዎች በእጅጉ የተለያየ ነገር ያቀርባሉ።

ከከተማዋ በስተምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ተዳፋት ላይ የሚገኘው መናገሻ ሱባ ጥንታዊ የተፈጥሮ ደን ሲሆን፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ትእዛዝ ችግኝ እንደተተከለበት ይነገራል። ጽድ፣ ዝግባና ወይራ ከላይ ስለሚጋጠሙ ፀሐይ ወደ መሬት የምትደርሰው ተቆራርጣ ነው፤ ተራራው ከፍ እያለ ሲሄድም ኮሶና አስታ ይተኳቸዋል። ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘሉ በቅጠሉ ላይ ያደረ ውኃ በተጓዡ ላይ ይረግፋል። ጭቃው ግን በዚህ ወቅት አይናቅም፤ በስስ ጫማ የሄደ ሰው ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ይጸጸታል።

እንጦጦን የሸፈነው በዋናነት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገሪቱ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ከሥሩ የሚበቅለው ተክል የሳሳ በመሆኑ የወቅቱን መለወጥ የምናየው ከደኑ ውስጥ ይልቅ አደይ አበባ በሚፈካበት ገላጣ ዳርቻ ላይ ነው። ይሁንና በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው ፓርክ የተስተካከሉ መንገዶች ስላሉት ለሕፃናትና ለአረጋውያን ይመቻል። ሙሉ ቀን ላለው ሰው መናገሻን እመርጥለታለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ብቻ ለተረፈው ግን እንጦጦ ይበቃዋል።