የወላጅ ጡረታ ለሚጠይቁ እናቶችና አባቶች፦ በደብረ ማርቆስ ስላገኘነው የማመልከቻ ጸሐፊ አገልግሎት

ይህን አስተያየት የምጽፈው በደብረ ማርቆስ ከተማ፣ ከፍርድ ቤቱ ብዙም ሳይርቅ በምትገኝ አንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ የሚሠሩ ማመልከቻ ጸሐፊ ለአክስቴ ስለሰጡት አገልግሎት ነው። አክስቴ በማቻከል ወረዳ የሚኖሩ አርሶ አደር ሲሆኑ፣ የመከላከያ ሠራዊት አባል የነበረ ልጃቸውን በ2013 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት አጥተዋል። ልጁ ሚስትም ልጅም አልነበረውም፤ አባቱም ቀደም ብለው አርፈዋል። ስለዚህ የጡረታ ጥያቄው የእናት ጥያቄ ብቻ ነበር። ማመልከቻ መጻፍ የተነገረን ነገር አሳምሮ በወረቀት ማስፈር ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኚህ ሰው ግን ብዕር ከማንሳታቸው በፊት ያቀረቧቸው ጥያቄዎች የጉዳዩን መልክ ስለለወጡት፣ በጎጃም ተመሳሳይ ፋይል ይዘው የሚንከራተቱ ወላጆች ቢያውቁት ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ወደ እሳቸው ከመሄዳችን በፊት ማስረጃ አልጎደለንም ነበር። የመሥዋዕትነቱን ማረጋገጫ ደብዳቤ፣ የወራሽነት ውሳኔውን፣ የቀበሌውን ደብዳቤና የአክስቴን መታወቂያ አሟልተን ለሚመለከተው አንድ መሥሪያ ቤት አቅርበን ነበር። የተሰጠን መልስ ግን በመስኮት በኩል በቃል የተነገረ «አያሟላም» የሚል ቃል ብቻ ነበር። ምኑ እንዳላሟላ የነገረን፣ በጽሑፍም የሰጠን ሰው አልነበረም። ልጇን ለአገር ሰጥታ ለመጣች እናት እንዲህ ያለ መልስ መስጠት በምንም መመዘኛ ተገቢ አይደለም። የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች የሥራ ብዛት እንዳለባቸው ብረዳም፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ መስጠት የሚወስደው ጊዜ አንዲት አዛውንት ከገጠር ወደ ከተማ በከንቱ ስትመላለስ ከምታጠፋው ጊዜ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ጸሐፊው ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ካነበቡ በኋላ የቀበሌውን ደብዳቤ ለብቻው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና አክስቴን «እማማ፣ ልጅዎ በሕይወት ሳለ ምን ይልክልዎ ነበር? በምን በኩልስ ይልክልዎ ነበር?» ብለው ጠየቋቸው። ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት ማንም አልጠየቀንም። የወላጅ ጡረታ መሠረቱ ያለው ደግሞ እዚሁ ጥያቄ ላይ ነው። ልጁ ባረፈበት ጊዜ ይሠራበት የነበረው በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714 ነው፤ ይህ አዋጅ ኋላ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 ተተክቷል። በሕጉ መሠረት ወላጅ አበል የሚያገኘው ወላጅ በመሆኑ ብቻ ሳይሆን፣ ልጁ በሞተበት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ወይም በአብዛኛው በልጁ ገቢ ይደገፍ እንደነበር ሲያረጋግጥ ነው። ስለዚህ ወላጅነቱ ቢረጋገጥም ተጧሪነቱ ካልተረጋገጠ ፋይሉ ወደፊት ሊሄድ አይችልም። የእኛ ፋይል የተሞላው ደግሞ አክስቴ እናት መሆናቸውን በሚያሳዩ ወረቀቶች ነበር፤ በማን ይጦሩ እንደነበር የሚናገር አንድም ወረቀት በውስጡ አልነበረም።

እንዲያውም የቀበሌው ደብዳቤ ተቃራኒውን የሚናገር ሆኖ ተገኘ። «የራሳቸው የእርሻ መሬት ያላቸው አርሶ አደር» የሚለው አገላለጽ በጸሐፊው እምነት አክስቴ በራሳቸው ገቢ የሚተዳደሩ የሚያስመስል ነበር። ደብዳቤውን የጻፈው ሰው ክፉ አስቦ አልነበረም፤ በጎጃም ገጠር መሬት አላት ማለት ክብር ነውና አክስቴን አከብራለሁ ብሎ ነው። እውነታው ግን ሌላ ነበር። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ጉልበት በቤቱ ስላልነበረ መሬቱ የሚታረሰው በእኩል ነው፤ ለእኩል አራሹ ከሚሰጠው በኋላ የሚቀረው እህል ደግሞ ዓመቱን አያደርስም። ዩሪያውና ሌላው ማዳበሪያ ይገዛ የነበረው፣ የቤቱ ቆርቆሮ የተቀየረው፣ የታናሽ ወንድሙ የትምህርት ወጪ ይሸፈን የነበረው ልጁ ከደመወዙ ቆጥቦ በሚልከው ገንዘብ ነበር።

ጸሐፊው ይህን ሲሰሙ ማስረጃው ከየት እንደሚገኝ በዝርዝር ነገሩን። ይህ የአገልግሎታቸው ምርጡ ክፍል ነው። አክስቴ በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው የያዙትን የቁጠባ ደብተር እንዲያወጡ ጠየቁና ገጾቹን አገላበጡ። በደብተሩ ላይ የታተሙት መስመሮች በየወሩ መጀመሪያ አካባቢ ገቢ የሆነ ተመሳሳይ የብር መጠን ያሳያሉ፤ በጥምቀትና በፋሲካ ሰሞን መጠኑ ከፍ ይላል። ጸሐፊው እያንዳንዱን መስመር በእርሳስ ምልክት አደረጉበትና ባንኩ የሒሳብ መግለጫውን በማኅተም አረጋግጦ እንዲሰጠን እንድንጠይቅ ነገሩን። ቀጥለው ማዳበሪያ ከተገዛበት የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የግዢ ደረሰኙን ቅጂ እንድናመጣ፣ ቀበሌውም መሬቱ በእኩል እንደሚታረስና ሌላ ጧሪ እንደሌላቸው የሚገልጽ አዲስ ደብዳቤ እንዲጽፍልን እንድንጠይቅ አደረጉ። በወረዳ ፍርድ ቤት የሚቀርቡት ምስክሮች ደግሞ እናትነታቸውን ብቻ ሳይሆን ልጁ ምን ይልክ እንደነበርና በምን ላይ ይውል እንደነበር የሚያውቁ እንዲሆኑ አሳሰቡን። ከዘመድ ይልቅ የዕድር ሰብሳቢውና ገንዘብ ሲያወጡ አብሯቸው ባንክ ይሄድ የነበረ ጎረቤት የተመረጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ማመልከቻው ራሱ ሁለት ገጽ ያልሞላ ነበር። ብዙ ማመልከቻዎች ገና ከመጀመሪያው የሚማጸኑ፣ የሚያለቅሱና ስለ ጀግንነት የሚያወሱ ሆነው ጥያቄው በመጨረሻው መስመር ላይ ብቻ ብቅ ይላል። ይኼኛው ግን ጥያቄውን በመጀመሪያው አንቀጽ አስቀመጠ። ከዚያ ልጁ መቼ እንደተቀጠረና መቼ እንዳረፈ፣ ሌላ ተተኪ፣ ማለትም ከሟቹ በኋላ አበል የማግኘት መብት ያለው ሰው፣ የሌለ መሆኑን፣ አመልካቿ በአብዛኛው በእሱ ገቢ ይተዳደሩ እንደነበርና ለእያንዳንዱ ነጥብ የትኛው ማስረጃ እንደተያያዘ በተራ ቁጥር አመለከተ። ልጁ ሲቀጠር የሞላው የሕይወት ታሪክ ቅጽ ከግል ማህደሩ ጋር እንዲታይም ጠየቀ፤ የእናቱ ስም በእጁ ጽሑፍ የሠፈረው እዚያ ነውና። አክስቴ በመታወቂያቸው ላይ ባለው ስምና በክርስትና ስማቸው መካከል የነበረው ልዩነትም ቀድሞ በፍርድ ቤት እንዲስተካከል በመደረጉ በኋላ እንቅፋት አልሆነም።

ሌላው ያደነቅሁት ነገር የወራሽነቱን ውሳኔና ጡረታውን ለይተው ማስረዳታቸው ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሟች ልጅ ከሌለው ውርሱ ለአባትና ለእናት ይሄዳል፤ አባት ቀድሞ ከሞተ የእሱን ድርሻ ልጆቹ በእሱ ቦታ ገብተው ይወስዳሉ። በዚህ ምክንያት የፍርድ ቤቱ ውሳኔ የሟቹን ወንድምና እኅት ከእናቲቱ ጋር ወራሽ አድርጎ መዝግቧቸው ነበርና በቤተሰቡ ውስጥ ጡረታውም አብሮ ይከፋፈላል የሚል ግምት አሳድሮ ነበር። ጡረታ ግን ውርስ አይደለም። በአዋጁ ተተኪ የሚባሉት የትዳር ጓደኛ፣ ልጆችና ይጦሩ የነበሩ ወላጆች እንጂ ወንድምና እኅት አይደሉም። ይህ በጊዜ ባይገለጽልን ኖሮ በወንድማማቾች መካከል ቅሬታ ሊገባ ይችል ነበር፤ በሌሎች ቤቶች እንደገባም ሰምቻለሁ።

ስለ መጠኑም ያለ ማጋነን ነገሩን። በአዋጅ ቁጥር 714 መሠረት ሌሎች ተተኪዎች ባሉበት እያንዳንዱ ወላጅ የሚያገኘው ሟቹ ሊያገኝ ይችል ከነበረው አበል 15 በመቶውን ሲሆን፣ ከወላጆች በቀር ሌላ ተተኪ ከሌለ ወደ 20 በመቶ ከፍ ይላል። የትዳር ጓደኛ 50 በመቶ፣ እያንዳንዱ ልጅ ደግሞ 20 በመቶ ያገኛሉ። በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት የሚወሰነው አበል የመደበኛ ደመወዝ 47 በመቶ በመሆኑ፣ ለስሌት ያህል ደመወዙ 4000 ብር የነበረን ወታደር ብንወስድ አበሉ 1880 ብር፣ የብቸኛ እናት ድርሻ ደግሞ በወር 376 ብር ይሆናል፤ ዝቅተኛው የአበል ወለልና በየጊዜው የሚደረገው ማስተካከያ በዚህ ውስጥ አልታሰቡም። ይህ ገንዘብ ትንሽ ነው። አገር የምትጠበቅበትን ሕይወት የከፈለ ልጅ እናት በዚህ ብቻ ትኑር ማለት ከባድ እንደሆነ በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ፤ በተለይ ለሠራዊቱ አባላት ከደመወዛቸው 7 በመቶ እየተቆረጠ መንግሥትም 25 በመቶ የሚያዋጣ መሆኑ ሲታሰብ የወላጅ ድርሻ እንደገና ሊታይ ይገባዋል። ያም ሆኖ የማይቋረጥ ወርኃዊ ገቢ ለአንዲት የገጠር እናት የጨውና የዘይት ወጪን፣ የሕክምናንም የመጀመሪያ ወጪ ይሸፍናልና ትንሽ ነው ተብሎ የሚተው አይደለም።

አገልግሎቱ ጉድለት የለበትም ማለት ግን አይቻልም። ለአንድ ማመልከቻ የተከፈለው 300 ብር በአካባቢው ከሚጠየቀው ከፍ ያለ ሲሆን ደረሰኝም አልተሰጠንም። ቤቷ ሁለት ወንበር ብቻ ስላላት አዛውንቶች በፀሐይ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ደጃፉ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር ቢቀመጥ ብዙ ሰው ያርፍበት ነበር። ጽሑፉ በኮምፒውተር የሚዘጋጀው በሌላ ቤት በመሆኑ መብራት ሲጠፋ ሥራው ይቆማል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የማመልከቻውን ቅጂ በራሳቸው ዘንድ አያስቀሩም፤ ባለጉዳይ ወረቀቱን ቢያጠፋ እንደገና ከመጀመሪያው ማስጻፍ ይኖርበታል። ስለዚህ ወደ እሳቸው የሚሄድ ሰው እያንዳንዱን ወረቀት ሁለት ሁለት ቅጂ አስነሥቶ ቢይዝ መልካም ነው።

ከማመልከቻው ባልተናነሰ የጠቀመን ምክራቸው ስለ ውሳኔው የሰጡን ነው። ጥያቄው ተቀባይነት ካላገኘ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጠን በማመልከቻው መጨረሻ ላይ አስገቡልን፤ በቃል በተነገረ «አያሟላም» ላይ ይግባኝ ማለት አይቻልምና። በጡረታ ውሳኔ ቅር የተሰኘ ሰው አቤቱታውን የሚያቀርብለት የማህበራዊ ዋስትና ይግባኝ ጉባኤ በሕግ የተቋቋመ ቢሆንም፣ ብዙ የገጠር ወላጆች ይህ አካል መኖሩን አያውቁም፤ ቢያውቁም የሚይዙት የጽሑፍ ውሳኔ የላቸውም። ጸሐፊው በ1990 ዓ.ም. በጀመረው የባድመ ጦርነት ልጆቻቸውን ያጡ ወላጆች ዛሬም ድረስ በመስኮት የተነገራቸውን ብቻ ይዘው እንደሚመጡባቸው ነግረውናል።

የአክስቴ ጥያቄ በተስተካከለው ፋይል ተቀባይነት አግኝቶ አበሉ በባንክ ሒሳባቸው መግባት ጀምሯል። ሒሳቡ የተከፈተው በራሳቸው ስምና በጣት አሻራቸው ነው፤ ጸሐፊው ልጆቻችሁ ወይም ጎረቤት በውክልና ያውጣላችሁ የሚለውን ሐሳብ እናቲቱ ራሳቸው ባንክ መሄድ እስከቻሉ ድረስ አልደገፉትም። ተመሳሳይ ጉዳይ ያለው ሰው ወደዚህ ቤት ሲሄድ የሟቹን የመሥዋዕትነት ማረጋገጫ፣ የቁጠባ ደብተሩን ወይም ገንዘብ የተላከበትን ማንኛውንም ደረሰኝ፣ የመሬት ይዞታ ደብተሩንና የቀበሌውን ደብዳቤ ይዞ ይሂድ፤ የቀበሌው ደብዳቤ ገና ካልተጻፈ ግን ከማጻፉ በፊት እሳቸውን ቢያማክር ይሻላል።