የድሮው ኪልታ ሰሃን ከወራት አገልግሎት በኋላ፦ ዘይቱ የት ገባ?

ጉዱ የሚታየው ሰሃኑ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ነው። በቢጫው መስታወት መሰል ልባስ ስር ክር የሚያካክሉ ቀይ መስመሮች እርስ በርስ ተጠላልፈው ብቅ ይላሉ፤ የበርበሬው ዘይት ነው። በስፖንጅ ቢፈተግ አይለቅም፣ ላዩ ላይ የለምና። ገብቷል። ያው ሰሃን ትኩስ ነገር ሲያርፍበት ደግሞ የከረመ ቅባት ይሸታል። አረብያ የተባለው የፊንላንድ ፋብሪካ የሠራውን የኪልታ ዕቃ ለዕለት ማዕድ አውጥቶ ለወራት የበላበት ሰው ስለ ሌላው ነገር ብዙ የሚያወራው አይኖረውም፤ እኔም የለኝም።

ለማያውቀው ያህል፦ ኪልታን የነደፈው ፊንላንዳዊው ካይ ፍራንክ ነው። ሄልሲንኪ የነበረው የአረብያ ፋብሪካ ከ1953 ጀምሮ ለገበያ አቀረበው፤ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽም ተመረተ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጌጥ የለው፣ የተዘረጋ ጠርዝ የለው፤ ክብና አራት ማዕዘን ብቻ፤ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። ሃሳቡም ሙሉ ሰርቪስ (አንድ ዓይነት የማዕድ ዕቃ ስብስብ) መግዛት ይቅርና ሰው የሚያስፈልገውን በነጠላ ይግዛ፣ ቀለሙንም እንዳሻው ያቀላቅል የሚል ነው። በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም። ይደራረባል፣ ቦታ አይፈጅም፣ ቢጫው ከጥቁሩ ጎን ሲቀመጥ ያምራል።

ችግሩ ያለው አፈሩ ላይ ነው። ኪልታ ፖርሴሊን አይደለም፣ ስቶንዌርም አይደለም (ሁለቱ በከፍተኛ ሙቀት ተተኩሰው ውሃ የማይጠጡ ናቸው)፤ በአነስተኛ ሙቀት የተተኮሰ ፋያንስ ነው፤ ውስጡ ቀዳዳ የበዛበት፣ ውሃ የሚጠጣ ሸክላ። ከውሃና ከዘይት የሚጋርደው ላዩን የሸፈነው መስታወት መሰል ልባስ ብቻ ነው። ደህና የተሠራ ልባስ ከስሩ ካለው ሸክላ ጋር ሲቀዘቅዝ በትንሹ ተጨምቆ ይቀራል፤ ጥንካሬውም ከዚያ ጭመቃ ይመጣል። ቀዳዳ ያለው ሸክላ ግን በዓመታት ብዛት ከአየር እርጥበት እየወሰደ በጥቂቱ ያብጣል። ሸክላው ሲያብጥ ልባሱ ከመጨመቅ ወደ መወጠር ይዞራል፤ መስታወት ደግሞ መወጠር አይችልም፤ እንደ መረብ ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ ሰሃኑ ስልሳ ዓመት ቁም ሳጥን ውስጥ ያለ አገልግሎት ቢቀመጥም ልባሱ ሊሰነጠቅ ይችላል። «አንድም ቀን አልተበላበትም» የሚለው የሻጭ ቃል እውነት ሊሆን ይችላል፤ ዋስትና ግን አይሆንም። ቀዝቃዛ ጓዳ ውስጥ የከረመ ሰሃን ላይ የሚፈላ ነገር ሲፈስበት ደግሞ የቀረው በአንዴ ያልቃል።

«ፓቲና (ዕድሜ የሚያመጣው ወዝ) ነው፣ ዕድሜውን ያሳያል» ይላል ሌላው። ወንድሜ፣ ፓቲና በነሐስ ላይ ነው። በሰሃን ላይ ያለ ስንጥቅ ያለፈው ሳምንት ምግብ ማደሪያ ነው። «ይሄ እኮ የሄልሲንኪው ነው፣ የታይላንዱ አይደለም» የሚለውም አለ። ልክ ነው፤ የአረብያ የሄልሲንኪ ምርት በ2016 ተዘግቶ ታይላንድን ወደመሰለ አገር ሄዷል። ግን ሄልሲንኪ መተኮሱ ዘይቱን መቼ ከለከለ?

ማጽዳቱ ይቻላል፤ ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ግን ግድ ነው። መጀመሪያ ቅባቱ መውጣት አለበት፤ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ቀለም ያነጣል እንጂ ቅባት አያወጣም። ሰሃኑን ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ለአንድ ቀን መዘፍዘፍ፣ ውሃውን ሁለት ሦስቴ መቀየር፣ ከዚያ በንጹህ ውሃ ማለቅለቅ። ቀጥሎ 12 ከመቶ ፐሮክሳይድ (ለፀጉር የሚሸጠው ጥርት ያለው ፈሳሽ እንጂ ክሬሙ አይደለም) በፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ሰሃኑን እስኪሸፍን መጨመር። ጓንት ማድረግ፣ መስኮት መክፈት። ክዳኑን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት አይገባም፤ ኦክስጅን ስለሚወጣው ዕቃው ይነፋል። ሁለት ሦስት ቀን ይቆይ። አሁንም ሁለት ቀን በንጹህ ውሃ፣ ጠዋትና ማታ እየተቀየረ፤ ከዚያ በቁሙ አንድ ሁለት ሳምንት ማድረቅ። ቀዩ መስመር ይጠፋል። መረቡ ግን እዚያው ነው፤ ቀጣዩ ዶሮ ወጥ በዚያው መንገድ ይገባል። እርድ ያለበት አልጫ ከበርበሬው ይብሳል፤ በነጩ ሰሃን ላይ በተለይ።

በረኪና የሚመክር ሰው አይታመን። ክሎሪኑ በስንጥቁ ገብቶ ጨው ይተዋል፤ ጨው ሲደርቅ ይጠጥራል፣ ሲጠጥር ልባሱን ከስሩ ገፍቶ ያነሳዋል። ከመሸጡ በፊት በበረኪና «የታደሰ» ሰሃን በዚህ ይታወቃል፦ ሲረጥብ የመዋኛ ገንዳ ሽታ አለው፣ ከሳምንታት በኋላም በስንጥቁ መስመር ላይ ነጭ ዱቄት ያበቅላል። ዘይቱን በኦቨን ላቃጥለው ማለትም አያዋጣም፤ ውስጡ የቀረው ውሃ በእንፋሎት መውጫ ሲያጣ ልባሱን ይገነጥለዋል። ማይክሮዌቭ ውስጥ ደግሞ ውሃ የጠጣው ሸክላ ራሱ ይግላል፤ ወጡ ለብ ሳይል ሰሃኑ እጅ ያቃጥላል።

የዕቃ ማጠቢያ ማሽንም ይቅር። በእጅ፣ ለብ ባለ ውሃ፣ ቶሎ አጥቦ ቶሎ ማውጣት ነው። ከመደራረቡ በፊት አንድ ሙሉ ቀን በቁሙ ይድረቅ፤ እርጥብ ሆኖ የተደራረበ የሻጋታ ሽታ ይይዛል።

ሻጭ ፎቶ ሲልክ ብርሃኑ ሁሌ ከፊት ነው። ከፊት የመጣ ብርሃን መረቡን ይውጠዋል። ደረቅ ሰሃን ላይ የስልክ መብራት ከጎን፣ ከጠርዙ ጋር ሊገጥም ጥቂት ሲቀረው አብርቶ የተነሳ ፎቶ ይጠየቅ። በአካል ከተገኙ፣ ለምሳሌ ሄልሲንኪ ሂየታላህቲ አደባባይ ላይ ባለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ ሰሃኑን ከመሃሉ በጣት ጫፍ ይዞ ጠርዙን በጥፍር መምታት ነው። ፋያንስ እንደ ፖርሴሊን ጥርት ብሎ አይጮህም፤ ስለዚህ የሚነጻጸረው ከሌላ ደህና ኪልታ ጋር ነው። ድምፁ ከተንኮሻኮሸ ከልባሱ አልፎ ሸክላው ራሱ ተሰንጥቋል። ቤት ከገባ በኋላ የማያወላዳው ምርመራ ሚዛን ነው፦ ደረቁን በኩሽና ሚዛን መዝኖ፣ ለ24 ሰዓት ውሃ ውስጥ አድርጎ፣ ጠራርጎ እንደገና መመዘን። ጤነኛ ፖርሴሊን በሚዛኑ ላይ ለውጥ አያሳይም ማለት ይቻላል። ልባሱ ያፈሰሰ 400 ግራም ሰሃን ግን 20 ግራምና ከዚያም በላይ ሊጨምር ይችላል።

በልባስ ውስጥ ሊኖር የሚችለው የእርሳስ (የመርዛማው ብረት) ነገር እንዳይረሳ። የአውሮፓ ማኅበረሰብ (የዛሬው የአውሮፓ ኅብረት) ከሸክላ ዕቃ ወደ ምግብ የሚወጣውን እርሳስ የገደበው በ1984 ነው፤ ለዝርግ ሰሃን 0.8 ሚሊግራም በካሬ ዴሲሜትር፣ ለጎድጓዳ 4 ሚሊግራም በሊትር። የኪልታ ምርት ያበቃው ከዚያ በፊት ነው። የእኔው ልማድ ይህ ነው፦ ልባሱ በተሰነጠቀ የድሮ ፋያንስ ላይ እርሳስ እንዳያወጣ ኮምጣጣ ነገር፣ እንጀራም ሆነ ሎሚ ወይም አቼቶ ያለበት ሰላጣ፣ አላሳድርም።

«ታዲያ አረብያ ምን ልግዛ?» ለሚል፣ የነዳፊዋ የኡላ ፕሮኮፔ ሩስካ አለ፤ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1999 የተመረተ ቡናማ ስቶንዌር። ዘይት አይጠጣም፤ የቢላዋና የሹካ ግራጫ ጭረት ይይዛል እንጂ፣ እሱም ኦክሳሊክ አሲድ ባለበት ማጽጃ ይለቃል። የኪልታ ቅርጽ ካልሆነ አልበላም የሚል ደግሞ ቴማ ይግዛ። ካይ ፍራንክ ራሱ ኪልታን አሻሽሎ፣ አፈሩን ቀይሮ በ1981 ያወጣው ነው፤ ዛሬም ኢታላ በተባለው የፊንላንድ የንግድ ስም ይሸጣል፤ ኦቨንም፣ ማሽንም፣ ማይክሮዌቭም ይችላል። አንዳንድ ሻጭ ሁለቱን «ያው ነው» እያለ ያደባልቃል። ያው ቢሆን ኖሮ ነዳፊው ለምን ደከመ?

ጥቁሩን የወተት ማቅረቢያና ስኳር መያዣውን አልሰጥም፤ የወጥ ቅባት አይነካቸውም፣ መልካቸውም አልተለወጠም። ሰሃኖቹ ለደረቅ ዳቦና ለብርቱካን ይሁኑ። ለወጥ የከፈልኩባቸው ገንዘብ ያንገበግበኛል፤ የሚፈልግ ካለ እሸጣለሁ፣ ከነመረባቸውና ከነሽታቸው መሆኑን አስቀድሜ ተናግሬ፣ ከጎን በበራ መብራት አንስቼ።